ለኮምፒውተር የተወለደው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ፈተና ሳዘጋጅ አንድ ባልደረባዬ አየኝና "አንተ ሰውዬ፣ በመጽሐፍ ማንበቢያ ነው እንዴ ታይፕ የምታደርገው?" ብሎ ሳቀብኝ።

አዎ፣ ነው። ማታ ማታ ላፕቶፕ ላይ ሳፈጥ ዓይኔ እየቀላና እያለቀሰ አስቸገረኝ። መጻፉን ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። በኋላ እህቴ ከውጭ የላከችልኝን የኢ-ኢንክ ማንበቢያ በዋይፋይ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁትና ሞኒተር አደረግኩት።

ሳቁ ግን የታሪክ መምህርነቴን ቀሰቀሰብኝ። ነገርዬው እኮ መጀመሪያም የታሰበው ለመጽሐፍ ሳይሆን ለኮምፒውተር ነበር!

እ.ኤ.አ. በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል አልቶ የተባለ ኮምፒውተር ተሠራ። ስክሪኑ እንደ ወረቀት ቁመቱ ረዘም ያለ ነው፤ ግን ደብዛዛ ነበር። እዚያው ይሠራ የነበረው ኒክ ሸሪደን ይህን ስክሪን የሚተካ ነገር ፍለጋ ገባ። ግማሽ ጎናቸው ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ የሆኑ ጥቃቅን ኳሶችን በኤሌክትሪክ እያገላበጠ ጽሑፍ አሳየ። ስሙንም ጋይሪኮን አለው። ድርጅቱ ግን የኅትመት ሥራውን ስላስቀደመ ሐሳቡ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

በ1997 የኤም.አይ.ቲ. መምህር የነበረው ጆሴፍ ጃኮብሰን፣ ከተማሪዎቹ ከጄ.ዲ. አልበርትና ከባሬት ኮሚስኪ ጋር ሆኖ ኢ-ኢንክ የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። የእነሱ ዘዴ ሌላ ነው፦ በጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኞች አሉ። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይሰምጣል። ከዚያ ባሉበት ይቆያሉ፤ ገጹ እስኪቀየር ድረስ ኃይል አይፈልጉም። የሚታየውም እንደ ወረቀት የክፍሉን ብርሃን አንጸባርቆ ነው።

ችግሩ ብናኝ በፈሳሽ ውስጥ እስኪዋኝ ጊዜ መውሰዱ ነው። ለኮምፒውተር ቀርፋፋ፣ ገጹ አልፎ አልፎ ለሚገለጥ መጽሐፍ ግን ተስማሚ ሆነ። ሶኒ በ2004 ጃፓን ውስጥ ሊብሪዬን፣ አማዞን በ2007 ኪንድልን ሸጡ። ወደ ኮምፒውተር የተመለሰው ዘግይቶ፣ ዳሱንግ የተባለ የቻይና ኩባንያ ባለ 13.3 ኢንች ሞኒተር ሲያወጣ ነው።

የእኔውስ? ማውሱ ይንቀረፈፋል፣ የድሮው ፊደል ጥላ ሆኖ ይቀራል፣ ቪዲዮማ አይታሰብም። ዓይኔ ተፈወሰ አልልም፤ ግን ትናንት ማታ አርባ ጥያቄ ጽፌ ሳላለቅስ ተኛሁ።

ለተማሪዎቼም የምላቸው ይኸው ነው፦ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሐሳብ ሞተ ማለት አይደለም።

ሰላም እደሩ!