የፍች ዳረጎትና የጋብቻ ዕድሜ

በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 236 ሳይገናኟት ለተፈታች ሴት የተደነገገው ዳረጎት (ሙትዓ) በባል ችሎታ ይለካል፤ አንቀጽ 241 ደግሞ ለተፈቱ ሴቶች በጥቅሉ ያነሳዋል። በሁለቱም የጋብቻው ዕድሜ አልተጠቀሰም። ከግንኙነት በኋላ ለተፈታችው ሻፊዒያዎች ግዴታ፣ ሐነፊያዎች የተወደደ አድርገውታል።

ግብፅ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ቁጥር 100 ሕግ፣ ያለ ፈቃዷና ያለ ጥፋቷ ለተፈታች ሚስት ከዒዳ ቀለብ ሌላ ቢያንስ የሁለት ዓመት ቀለብ ያህል ዳረጎት ወሰነች፤ ዳኛውም የባልን አቅም፣ የፍችውን ሁኔታና የጋብቻውን ርዝመት እንዲያመዛዝን አዘዘች። የሞሮኮ የ2004 የቤተሰብ ሕግም የጋብቻውን ዘመን ከመለኪያዎቹ ቆጠረው።

ይህ ነባሩን መለኪያ መሻር ነውን? አይመስለንም። ሠላሳ ዓመት ጎጆ ያቀናች ሴት የምታጣው የወራት ሙሽራ ከምታጣው ይበልጣል፤ ዳረጎቱ በመልካም አኳኋን እንዲሰጥ መታዘዙም ለዚህ ምዘና በር ይከፍታል እንላለን።