ከጋዝ ማሾ ወደ ኤል ኢ ዲ፤ የአንድ ፋኖስ ታሪክ

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው የአገራችን ከተሞች የሠርግ ዳሱንም የመሸታ ቤቱንም ያደምቅ የነበረው ማሾ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ድንኳን ተክለው በሜዳ የሚያድሩ ሰዎች ከሚይዙት የጋዝ ፋኖስ ጋር በአሠራሩ አንድ ቤተሰብ ነው። ዛሬ ከሁለቱም ወገን ብዙው ከአገልግሎት ወጥቶ አቧራ ለብሷል። ይሁን እንጂ በየአገሩ ያሉ የእጅ ሙያ ወዳጆች ፋኖሱን ከመጣል ይልቅ ማቃጠያውን አውጥተው በባትሪ የሚሠራ ኤል ኢ ዲ፣ ይኸውም ብርሃን አመንጪ ዳዮድ፣ እየገጠሙለት እንደገና ለሥራ ያበቁታል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፋኖሱ እንዴት እንደተወለደ ሳያውቅ የሚለውጠው ሰው በሁለት ነገር ሊሳሳት ይችላል፤ አንደኛው ስሕተት ጤናውን፣ ሁለተኛው ድካሙን ያስከፍለዋል።

ታሪኩ የሚጀምረው በቪየና ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኦስትሪያዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ በሃይድልበርግ የታላቁ የሮበርት ቡንሰን ደቀ መዝሙር ነበር። ብርቅ መሬት የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች በነበልባል ላይ ሲመረምር አንዳንዶቹ እጅግ ደምቀው እንደሚያበሩ ተመለከተ። ስለሆነም የጥጥ መረብ በጨዋማ ውሕዳቸው ነክሮ አቃጠለው፤ ጥጡ ሲጠፋ የመረቡን ቅርጽ የያዘ ነጭ የኦክሳይድ አጽም ቀረ። በ1885 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያገኘበት የመጀመሪያው መረብ ከማግኒዥየም፣ ከላንታነምና ከኢትሪየም ኦክሳይዶች የተሠራ ሲሆን፣ ብርሃኑ አረንጓዴ ስለነበረና መረቡም ቶሎ ይሰበር ስለነበር ገበያ ሳያገኝ ቀረ። አወር ግን አልተወውም። በ1891 ዓ.ም. 99 እጅ የቶሪየም ኦክሳይድና 1 እጅ የሴሪየም ኦክሳይድ ቀላቅሎ ያቀረበው መረብ ነጭና ደማቅ ብርሃን ሰጠ። ከ1879 ዓ.ም. የኤዲሰን አምፖል ወዲህ ሥጋት ላይ ወድቀው የነበሩት የጋዝ መብራት ኩባንያዎችም በዚህ መረብ አማካይነት ለብዙ ዓመታት ተጨማሪ ዕድሜ አገኙ። እንግዲህ መረቡ ራሱ አሮጌ መብራትን ለማዳን የተደረገ ለውጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ስለዚያ 1 እጅ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቶሪየም ኦክሳይድ በከፍተኛ ሙቀት የማይቀልጥ፣ ሙቀቱንም በማይታይ ጨረር መልክ ብዙ የማያባክን ስለሆነ በነበልባሉ ውስጥ እጅግ ይግላል፤ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሰጠው ብርሃን ደካማ ነው። ያንን ግለት ዓይን ወደሚያየው ብርሃን የሚመልሰው ሴሪየም ነው። መጠኑ ከሚገባው በላይ ቢበዛ ደግሞ መረቡ ስለሚቀዘቅዝ ድምቀቱ ይቀንሳል።

የከተማውን መብራት ወደ ገጠርና ወደ ሜዳ ያወጡት ሌሎች ናቸው። በበርሊን የማክስ ግሬትስ ፋብሪካ በነጭ ጋዝ የሚሠራውን ፔትሮማክስ አወጣ። በአሜሪካ ደግሞ ዊሊያም ኮፊን ኮልማን በ1900 ዓ.ም. በኦክላሆማ ግዛት በኪንግፊሸር ከተማ በቤንዚን የሚሠራ መብራት ለመሸጥ ቢሞክር፣ ነጋዴዎቹ ቀደም ብሎ በመጣ ሻጭ ሲደፈን በሚውል መብራት ተታልለው ስለነበር አንገዛም አሉት። እርሱም መብራቱን መሸጥ ትቶ ብርሃኑን ማከራየት ጀመረ፤ መብራቱ ካልበራ ኪራይ አይከፈልም፣ ጥገናውም በአከራዩ ነው። በ1905 ዓ.ም. በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ በእርሱ መብራቶች የሌሊት የእግር ኳስ ግጥሚያ (በአሜሪካኖቹ ዓይነት) ተደረገ፤ በ1914 ዓ.ም. ደግሞ ነፋስ የማያጠፋው፣ በእጅ የሚንጠለጠለው ፋኖሱ ለገበያ ወጣ።

የሁሉም አሠራር ተመሳሳይ ነው። በፓምፕ የተሞላው አየር ነዳጁን ከታንኩ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ነዳጁ በመረቡ አጠገብ በሚያልፈው ቱቦ ውስጥ በመብራቱ በራሱ ሙቀት ይተናል፤ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በመረቡ ውስጥ ይነዳል። ስለዚህ ሙቀት ለማሾው ሕይወቱ ነው።

በ1898 ዓ.ም. ጌርሃርት ሽሚት በጀርመን፣ ማሪ ኩሪ በፓሪስ፣ እርስ በርስ ሳይመካከሩ ቶሪየም ጨረር አፍላቂ መሆኑን ደረሱበት። መረቡ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በቶሪየም ሲሠራ ኖረ፤ የኮልማን ኩባንያ በኢትሪየም የተካው በ1990ዎቹ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። የአሮጌ ፋኖስ ለዋጭ መስተዋቱን አንሥቶ በሥሩ የተጠራቀመውን ነጭ ዱቄት በአፉ እፍ ይለዋል። ቶሪየም ከውጭ ሆኖ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው፤ ከሳምባ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዱቄቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ በላስቲክ ከረጢት መታሰር፣ እጅም መታጠብ አለበት። ታንኩን ለባትሪ ማስቀመጫ ሲሉ ወዲያው በመጋዝ የሚቆርጡ ሰዎችም አሉ። በባዶ ታንክ ውስጥ የቀረ የነዳጅ ትነት ከሙሉ ታንክ ይልቅ ለፍንዳታ የቀረበ መሆኑን ማንኛውም በያጅ ያውቀዋል። ዝገት ያልበላው ታንክ ባይቆረጥ፣ ባትሪውም ከታንኩ በታች በሚሠራ ዝቅተኛ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የሙቀት ነው። አንድ ትልቅ ማሾ 1 ሊትር ነጭ ጋዝ በ8 ሰዓት ያህል ይጨርሳል፤ ይህም ወደ 1200 ዋት ገደማ የሚጠጋ ሙቀት ማለት ነው። 1000 ሉመን የሚሰጥ ኤል ኢ ዲ የሚፈልገው 10 ዋት ያህል ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ያየ ሰው «እንግዲህ ሙቀት የለም» ብሎ ዳዮዱን መረቡ በነበረበት ቦታ በተዘጋው መስተዋት ውስጥ ይሰቅለዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ይደክምበታል። መረቡ ከ1000 ዲግሪ እጅግ በላይ ግሎ ሲኖር፣ ዳዮዱ 100 ዲግሪን ብዙ ካለፈ ዕድሜው ያጥራል። ከ10 ዋቱም የሚበዛው ክፍል ሙቀት ሆኖ ስለሚቀር መውጫ ያስፈልገዋል። ብልህ ለዋጭ ዳዮዶቹን በአሉሚኒየም ምሰሶ ዙሪያ ገጥሞ ምሰሶውን ከፋኖሱ የብረት ቆብ ጋር ያያይዘዋል። እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ እንደ መረቡ በሁሉም አቅጣጫ ይበተናል፤ ቆቡም ሙቀት ማስወጫ ይሆናል። እያንዳንዳቸው 11 ዋት ሰዓት ያህል የሚይዙ አራት የሊቲየም ባትሪዎች፣ ከመከላከያ ሰርኪትና ከፊውዝ ጋር፣ ለ4 ሰዓት ያህል ያበሩታል። ማሾው በሊትር 8 ሰዓት ይበራ ስለነበር በዚህ በኩል አሮጌው ይበልጣል፤ ሆኖም በተዘጋ ድንኳን ውስጥ በካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያንቀላፋውን ሰው አይገድልም።

ሊነገር የሚገባው ሌላም ነገር አለ። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በ2014 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ዳዮድ የሚሰጠው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ነጭ የሚያደርገው በላዩ የሚቀባው ቢጫ ዱቄት ሲሆን፣ በብዙዎቹ ዳዮዶች ላይ ይህ ዱቄት ኢትሪየምና አሉሚኒየም ያለበት ጋርኔት ነው፤ በውስጡም ጥቂት ሴሪየም ተጨምሯል። አወር በ1885 የሞከረው ኢትሪየምና በ1891 የጨመረው ሴሪየም፣ ማቃጠያው ተነቅሎ ከወጣ በኋላም፣ በዚያው መስተዋት ውስጥ ተመልሰው ያበራሉ።

ጠንቃቃ ለዋጮች የተነቀለውን ቱቦና ማቃጠያ ጠቅልለው ከፋኖሱ ጋር ያስቀምጣሉ። የጋዙን መክፈቻ እጀታም አይጥሉትም፤ ከተለዋዋጭ ሬዚስተር ጋር አያይዘው ብርሃኑን መቀነሻና መጨመሪያ ያደርጉታል። ሬዚስተሩ በተለመደው አሠራር የሚጨምረው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፤ የጋዝ መክፈቻ ግን የሚከፈተው ወደ ግራ ነው። ስለዚህ ሁለቱን የዳር ሽቦዎች አለዋውጠው ይበይዷቸዋል፤ ማሾ ያበራ የነበረ እጅም እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሲያዞር ብርሃኑ ይጨምራል።