የጋሼ ሌንስ እና የዙም ክፉ ስም

“ጋሼ፣ ይሄ ሌንስ አልቆለታል” ያልኳቸው በስልክ ነው። አጎቴ ትንሽ ዝም አሉና “እሺ፣ ካልክ” አሉኝ። አሁን ሳስበው ያፍረኛል፤ ምክንያቱም ሳላጣራ ነበር የፈረድኩት።

ሌንሱን የሰጡኝ ፋሲካ ላይ፣ በካልሲ ጠቅልለው ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ሠርግ ሲያነሱበት የነበረ፣ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣላቸው ቪቪታር ሲሪዝ ዋን ነው። ከ70 እስከ 210 ሚሊሜትር ዙም ያደርጋል። ከብረትና ከብርጭቆ የተሠራ ስለሆነ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። አንድ ሰፊ የጎማ ቀለበት አለው፤ ስታዞሩት ፎከስ ያደርጋል፣ ስትገፉት ወይም ስትጎትቱት ዙም ያደርጋል። ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው።

በርካሽ የገዛሁትን አዳፕተር አድርጌ ከሚረርለስ ካሜራዬ ጋር ገጠምኩት። 210 ላይ የአክስቴን ልጅ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ አወጣው። ወደ 70 ስመልሰው ግን ፊቷ ጭጋግ ሆነ። በቃ፣ “የድሮ ዙም አይረባም” የሚባለው እውነት ነው አልኩ። ፎቶ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ የሚነገረን “በእግርህ ዙም አድርግ” የሚል ነው። ዙም የሰነፍ ነው፣ እውነተኛ ፎቶ አንሺ 50 ሚሊሜትር ይዞ ይሄዳል ይባላል።

ይህ ክፉ ስም ከየት መጣ? ያንን ስፈልግ ነው ነገሩ የተገለበጠብኝ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጅ ናቸው።)

ዙም ለፎቶ አልተወለደም። የተወለደው ለሚንቀሳቀስ ምስል ነው። ክላራ ቦው የተወነችበት “ኢት” የተባለው የ1927 ፊልም ላይ ካሜራው ከቆመበት ሳይነሳ ምስሉ ሲቀርብና ሲርቅ ይታያል። በ1932 ደግሞ ከ40 እስከ 120 ሚሊሜትር የሚሄደው ኩክ ቫሮ የተባለው የሲኒማ ሌንስ መጣ። ነገሩን ሕዝብ ዘንድ ያደረሰው ግን ፍራንክ ባክ የሚባል የቪየና ሰው ነው። ወደ አሜሪካ ተሰዶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት “ዙማር” የተባለውን ሌንስ አወጣ። በ1947 የአሜሪካ ቴሌቪዥን ቤዝቦል ሲያስተላልፍ ተጠቀመበት። (ዛሬ “ዙም ግባ” ስንባል ስብሰባ ነው፤ ቃሉም ስንት አገር ዞረ።)

አሁን የቀጥታ ስርጭቱን አስቡት። ኳሱ ተመቷል፣ ካሜራማኑ ከሜዳው ሙሉ ስፋት ወደ አንዱ ሯጭ ይገባል፣ ሚሊዮን ሰው እያየ ነው። ምስሉ በቀረበ ቁጥር ፎከሱ ከጠፋ ሌንሱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የዙም የመጀመሪያ ግዴታ፦ አንዴ የያዝከውን ፎከስ እንዳትለቅ። ይህንን ለመፈጸም በሌንሱ ውስጥ ብርጭቆዎቹ በቡድን ተከፍለው ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ ቡድን የምስሉን መጠን ሲቀይር ሌላው የተዛነፈውን ፎከስ ይመልሳል። በአዛውንቶቹ ሌንሶች ላይ ብዙ ጊዜ ይህን የሚመራው በብረቱ ላይ በጥንቃቄ የተቆረጠ ጠመዝማዛ ቦይ ነው።

ለ35 ሚሊሜትር ፎቶ ካሜራ የመጀመሪያው ዙም የወጣው በ1959 ነው፤ እሱም የባክ ሥራ። ከ36 እስከ 82 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ 2.8። ላዩ ላይ ፎክትሌንደር የሚል ስም ነበረው፤ የሠራው ግን ኪልፊት የተባለ የጀርመን ድርጅት ነው። በውስጡ 14 ብርጭቆ ነበረው። ተራ 50 ሚሊሜትር ስድስት ወይም ሰባት ይበቃዋል። እያንዳንዱ የብርጭቆ ገጽ ደግሞ ትንሽ ብርሃን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ የተመለሰው ምስሉ ላይ እንደ ቀጭን ጭስ ይነጠፋል። ዋናው ችግር ግን ሂሳቡ ነበር። ከኮምፒውተር በፊት የብርሃን ጨረር በእያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ የሚሰላው በሎጋሪዝም ሰንጠረዥና በእጅ በሚሽከረከር ማስሊያ ነበር። ለአንድ ቋሚ ሌንስ ይህ ራሱ የወራት ሥራ ነው። ዙም ሲሆን ደግሞ ለ36 ያሰላችሁትን ለ50፣ ለ82 እንደገና ታሰሉታላችሁ፤ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል።

ክፉውን ስም ካተሙት አንዱ በ1963 የወጣው የኒኮን 43–86 ነው። በብዛት ተሸጠ፤ በብዛት ተሰደበ። ቀጥ ያለ ግድግዳ ያጎብጣል፣ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ይንጫጫል። እኔ ግን አዝንለታለሁ። ትንሽ፣ ቀላልና ሰው ሊገዛው የሚችል እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ብርጭቆውም ዘጠኝ ብቻ። በኋላ አሻሽለው ቢያወጡትም ስሙ አልታጠበም። አንዴ የወጣ ስም እንዲህ ነው።

የጋሼ ሌንስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ በ1970ዎቹ፣ ኮምፒውተር ሂሳቡን ሲረከብ ነው። የቪቪታር መሥራቾች ማክስ ፖንደርና ጆን ቤስት ከጀርመን የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ፤ በ1938 ካሊፎርኒያ ላይ ጀመሩ። የራሳቸው የሌንስ ፋብሪካ አልነበራቸውም። ጃፓን ውስጥ አሠርተው ስማቸውን ይለጥፉ ነበር። ደስ የሚለው፣ ማን እንደሠራው በሴሪያል ቁጥሩ ላይ ተጽፏል፤ 22 ከሆነ ኪኖ፣ 37 ከሆነ ቶኪና፣ 28 ከሆነ ኮሚኔ። ቀጥሎ ያለው አንድ አሃዝ ዓመቱ፣ ከዚያ ያሉት ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው። የጋሼ ሌንስ የሚጀምረው በ22741 ነው። ኪኖ፣ 1977፣ 41ኛው ሳምንት። በእኛ ጥቅምት 1970 መግቢያ።

ደስ ብሎኝ ደወልኩላቸው።

“ጥቅምት ሰባ?” አሉ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። “ያን ጥቅምት እኛ ከመሸ ከቤት አንወጣም ነበር። ስንቱን ልጅ ቀበርን።” ምን እንደምል ጠፋኝ። እሳቸው ናቸው ወሬውን የቀየሩት፤ “ለመሆኑ ከካሜራህ ጋር ያያዝክበት ነገር ልኩን ነው?”

ልኩን አልነበረም። የኒኮን ሌንስ ከመቀመጫው እስከ ፊልሙ 46.5 ሚሊሜትር ይፈልጋል፤ የእኔ ካሜራ 18 ነው ያለው። ስለዚህ አዳፕተሩ ልክ 28.5 መሆን አለበት። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ አውቀው ትንሽ ያሳጥሩታል፤ ሩቁ ነገር ፎከስ እንዳይጎድል። ለቋሚ ሌንስ ችግር የለውም፣ ቀለበቱን ትንሽ ታዞራላችሁ፣ አለቀ። ለዙም ግን የዚያች ቅንጣት ስህተት ሙሉውን ሂሳብ ታፈርሳለች፤ 210 ላይ ትደበቅና 70 ላይ ትወጣለች። ልክ እኔ እንዳየሁት።

አዳፕተሩን ፈታሁት። ከለስላሳ ጣሳ ቀጭን ቁራጭ በመቀስ ቆርጬ ከሥሩ አነጠፍኩ፤ አንድ ንጣፍ፣ ከዚያ ሁለት። ሁለተኛው ላይ 210 የያዘውን 70 አልለቀቀም። ወዲያ ወዲህ ስጎትተው አመሸሁ።

ነገሩ ያስገረመኝ ከካሜራዬ ጋር በመጣው አዲሱ ሌንስ ያንኑ ስሞክር ነው። አይዝም። አውቶፎከስ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከተስፋፋ በኋላ ብዙ አምራቾች ያንን የድሮ ግዴታ ለሞተሩ ተዉለት፤ ሞተሩ ስለሚያርመው ፎቶ ላይ አትነቁበትም፣ ቪዲዮ ላይ ግን ምስሉ ሲዋልል ታዩታላችሁ። የሲኒማ ሌንሶች ዛሬም ይይዛሉ፤ ዋጋቸው ግን የመኪና ነው።

የአክስቴን ልጅ ሕፃን ክርስትና በጋሼ ሌንስ ቀረጽኩ። ልማዱን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቅረብ፣ እዚያ ፎከስ አድርግ፣ ከዚያ ወደኋላ ውጣ። ቀለበቱ ስለላላ ወደታች ሳዘነብለው በራሱ ይንሸራተታል፤ በላስቲክ አሰርኩት። ከሕፃኑ ፊት ጀምሬ ቄሱን፣ እናቱን፣ ሙሉውን ሕዝብ እስካገኝ በአንድ ትንፋሽ ወጣሁ።

ጋሼ በስልኬ ሁለት ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው፣ “መጀመሪያው ላይ እጅህ ተንቀጥቅጧል” አሉኝ።