ማሽላው የጠራው ማንን ነበር?

እኛ የከተማ ልጆች «አቀንጭራ» የሚለውን ቃል የምናውቀው በስድብነቱ ነው። በሰው ላብ የሚኖረውን ሁሉ አቀንጭራ እንለዋለን። ለማሽላ ገበሬ ግን ነገሩ ስድብ አይደለም፤ አበባው እያማረ ማሳ የሚያራቁት ጥገኛ አረም ነው።

ዘሩ እንደ አቧራ ደቃቅ ነው። አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ አድፍጦ ሊቆይ ይችላል። ዝናብ ብቻውን አያስነሣውም። የሚነቃው በአቅራቢያው ያለ የተክል ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ከዚያ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጠምጣል። አረሙ ብቅ ብሎ ገበሬው ሲነቅለው አብዛኛው ጉዳት አስቀድሞ ደርሷል።

ይህን ኬሚካል በ1966 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከጥጥ ሥር ለይተው አወጡት። ስሙንም ስትሪጎል አሉት። ግን አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ተክል እንዴት ጠላቱን በገዛ እጁ ይጠራል?

መልሱ 39 ዓመት ፈጀ። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ጥሪው ለወዳጅ እንደሆነ አሳዩ። ከሥር ጋር ተዛምደው የሚኖሩ፣ ሥሩ ከማይደርስበት አፈር ፎስፈረስ የሚያመጡለት ፈንገሶች አሉ። ሥሩ የሚጣራው እነሱን ነው። አቀንጭራማ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ነው።

የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ግን ይህ መልስ እስኪገኝ አልጠበቁም። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ሥራቸው አቀንጭራን እምብዛም የማይቀሰቅስ የማሽላ ዓይነቶችን ፈልገው አዳቀሉ። ዘሩ በ1990ዎቹ ወደ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ተሠራጨ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። እኛም አጨበጨብን፤ ምን እንደሠሩ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

በ2017 ደግሞ የምስጢሩ ዘረመል ታወቀ። እነዚያ ማሽሎች ለካ ዝም አላሉም፤ ቋንቋ ነው የቀየሩት። ሥራቸው በብዛት የሚያወጣው ሌላ ዓይነት ሞለኪውል ነው፤ ለእሱ ደግሞ አቀንጭራ ብዙም አይነቃም።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። ሥር ጥሪውን የሚያበዛው ፎስፈረስ ሲያጣ ነው። አቀንጭራም የሚበረታው በተራቆተ መሬት ላይ ነው። ለዚህ ነው ገቢሳ ዘሩን ከማዳበሪያና ከእርጥበት ጥበቃ ጋር አጣምረው ለገበሬው ያቀረቡት።

እንግዲህ ገበሬውን «አረምህን ንቀል» ከማለታችን በፊት፣ አፈሩን ምን እንደራበው እንጠይቅ።