ኦክስጅን ሲጨናነቅ፦ ከደሴ ከሰል እስከ ሚላኖ እሳት

ብርድ ሲጠና ደሴም ሆነ ቢስቲማ ከሰል ወደ ቤት ይገባል። በር ይዘጋል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል። አንዳንዴ ጠዋት የማይነሳ ሰው ይገኛል። የሚያፍነው የምናየው ጭስ ሳይሆን ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ወንበር ይይዝና "አልነሳም" ይላል። ሰውየው ንጹህ አየር ላይ ቢወጣ እንኳ የጋዙ ግማሽ እስኪለቅ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ንጹህ ኦክስጅን በጭምብል ቢሰጠው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ከባሕር ጠለል አየር 3 እጥፍ በሆነ ግፊት ኦክስጅን ቢተነፍስ ግን 23 ደቂቃ አካባቢ ይበቃል።

ይህን የሚሠራው ሃይፐርባሪክ ቻምበር ይባላል፤ በሽተኛው የሚገባበት፣ ግፊት የሚችል ዝግ ክፍል ማለት ነው። ጠላቂ ዋናተኞችንና ለመዳን እምቢ ያለ የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስልንም ያክማል።

ግፊት ምን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደሴ ላይ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ እዩት፤ ጎኑ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ወደ ታች ስንወርድ ውጪ ያለው አየር ይበረታል። በቻምበር ውስጥ ነገሩ በጣም ይገዝፋል፦ ጎንና ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ በር ላይ አንድ ተጨማሪ የባሕር ጠለል ግፊት ሲያርፍ 10 ቶን ገደማ ይሆናል። የተጫነ አይሱዙ በሩን ተደግፎ እንደቆመ አስቡት።

ታሪኩ የጀመረው ያለ ኦክስጅን ነው። እ.ኤ.አ. በ1662 ሄንሻው የተባለ እንግሊዛዊ በወናፍ አየር የሚታመቅበት ክፍል አሰበ፤ ኦክስጅን ራሱ ገና አልታወቀም ነበር። በ1878 ፈረንሳዊው ፖል ቤር ኦክስጅን በግፊት ሲበዛ እንደሚያንቀጠቅጥና እንደሚመርዝ አሳየ። በ1928 ደግሞ አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ከኒንግሃም የተባለ ሐኪም 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የብረት ኳስ ሆስፒታል አቆመ። የሐኪሞች ማኅበር "ማስረጃህን አምጣ" አለው፤ አላመጣም፤ ኳሱም በጦርነቱ ጊዜ ለቁርጥራጭ ብረት ተፈታ። በማስረጃ የተደገፈው ምዕራፍ የተከፈተው በ1960 አምስተርዳም ላይ ነው። ቡሬማ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ደማቸው ተቀድቶ የወጣ አሳማዎችን በ3 እጥፍ ግፊት ኦክስጅን በሕይወት አቆየ።

ከዚያ እሳቱ መጣ።

ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያሳብደዋል። በ2.4 እጥፍ ግፊት ንጹህ ኦክስጅን በተሞላ ቻምበር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከደሴ አየር 15 እጥፍ ገደማ ነው። እዚያ ውስጥ የናይለን ልብስ ብልጭታ፣ ፀጉር ላይ ያለ ቅቤ፣ ኪስ ውስጥ የተረሳ ነገር ሁሉ ነዳጅ ወይም ክብሪት ይሆናል። (አዎ፣ ቅቤ። ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች እናት ሳትታጠብ አትገባም።) ጃንዋሪ 27 ቀን 1967 የአፖሎ 1 ጠፈርተኞች ሦስቱም ንጹህ ኦክስጅን በሞላበት ክፍል መሬት ላይ እያሉ ተቃጠሉ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለነበር የእሳቱ ግፊት ራሱ ቆለፈው። በአራተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 31፣ ቴክሳስ ውስጥ በነበረ የአየር ኃይል የኦክስጅን ክፍል ሁለት ሰዎች እንዲሁ ሞቱ።

የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር የጻፈው፣ ዛሬ ቁጥር 99 ተብሎ የሚታወቀው መመዘኛ ለቻምበር ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው፦ የሚፈቀድ ልብስ፣ በሽተኛውን ከመሬት የሚያገናኝ ሽቦ፣ የእሳት ማጥፊያ ውሃ። ማኅበሩ ግን መንግሥት አይደለም፤ ሕግ የሚሆነው የሚመለከተው አካል ሲቀበለው ነው።

ወረቀትም ብቻውን አላዳነም። በ1996 ጃፓን ያማናሺ ውስጥ የገላ ማሞቂያ ቻምበር አቃጠለ። በዓመቱ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1997፣ ሚላኖ በሚገኘው ጋሌአሲ ሆስፒታል አንዲት ታካሚ ይዛው የገባችው የእጅ ማሞቂያ እሳት አስነሳ። አሥር ታካሚዎችና አንድ ነርስ ሞቱ። የእሳት ማጥፊያው ተገጥሟል፤ ውሃ ግን አልነበረውም። እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይቺ ናት። ጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ደግሞ፣ ከቴክሳሱ አደጋ ልክ 58 ዓመት በኋላ፣ ሚቺጋን ውስጥ የ5 ዓመት ሕፃን ቻምበር ውስጥ ተቃጥሎ ሞተ። ዐቃቤ ሕግ አራት ሰዎችን ከሰሰ፤ የክሱ አንዱ ነጥብ ያቺ የመሬት ሽቦ ለልጁ አለመታሰሯ ነው።

በእኛ አገር የሕክምና መሣሪያ ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሰጥቷል። መሣሪያ መመዝገብ አንድ ሥራ ነው። ታንኩ ውስጥ ውሃ መኖሩን በየጠዋቱ ማየትና የታካሚውን ኪስ መፈተሽ ግን መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

አንድ ነገር ደግሞ ከውጭ መመዘኛ በቀጥታ መገልበጥ አይቻልም። የግፊት መለኪያ የሚያነበው ከውጪው አየር ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። መርፌው 1.4 ላይ ሲቆም በባሕር ጠለል ላይ ያለ ታካሚ 2.4 ያገኛል። ደሴ ላይ ያው መርፌ፣ ያው ቁጥር፣ ታካሚው ግን የሚያገኘው 2.15 ነው።