ከመኪኖቹ በኋላ የቀሩ ስሞች

ከአዲስ አበባ ጅማ የሚያደርሰው የመኪና መንገድ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ነው። ከሾፌሮችና ከመካኒኮች የሰማናቸው «ጎማ»፣ «ካምቢዮ»፣ «ፍሪሲዮን» የጣሊያንኛ ውሰት መሆናቸው የታወቀ ነው። የተዘነጉት የመኪኖቹ ስሞች ናቸው።

ጆንያ ቡና ይጫንበት የነበረው ፊያት 682 ኤን 3 «ኤንትሬ» ተባለ፤ «ትሬ» ሦስት ማለት ነው። በ1947 ዓ.ም. ብቅ ያለችው ትንሿ ፊያት 600 ደግሞ «ሴቼንቶ»፣ ይኸውም «ስድስት መቶ» ተባለች። በአማርኛ ግን ቁጥርነታቸው ቀርቶ ስም ሆኑ፤ «ኤንትሬዎች»፣ «ሴቼንቶዋ» እየተባሉም ይረባሉ። ተርጓሚ «ሴቼንቶ»ን «ስድስት መቶ» ብሎ ቢመልሳት መኪናዋ ከዓረፍተ ነገሩ ትጠፋለች።

ስለዚህ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች በጅማ፣ በሰቶ ሰመሮና በአጋሮ ካሉ አንጋፋ ሾፌሮች አንደበት እነዚህን ስሞች ሳይዘገዩ ሊመዘግቧቸው ይገባል እንላለን።