የበርሜሉ መንገድ፤ ከምናለሽ ተራ እስከ ድሬ

ቀረብ በሉ! የዛሬው ትረካ ዋና ባለታሪክ በርሜል ነው። ነጋዴውንና የቤት እመቤቷን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ከተሞቹ፣ ዓመቶቹና ትንኟ ግን እውነት ናቸው።

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። ቁራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ሁሉ የሚራገፍበት፣ ያረጀ ጎማ በረባሶ፣ ቆርቆሮ ምድጃ የሚሆንበት፣ መዶሻ የማያርፍበት ቦታ። አንድ ባዶ የዘይት በርሜል አናቱ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተቀጥቅጦ የውሃ መያዣ ሆነ። ነጋዴው ዋጋ ተከራክሮ ገዛው፤ ከጀሪካንና ከጎማ ጋር አይሱዙ ላይ ጫነው። ስለ ክዳን የጠየቀም የተናገረም የለም።

መኪናው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከተማ ተነሣ፤ አዋሽን ተሻገረ፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ድሬዳዋ ገባ። ሙቀት! በርሜሉን የቤት እመቤቷ ገዛችው፤ ግቢዋ ጥግ ቆመ። ውሃ በመጣ ቀን ይሞላል፤ በጠፋ ቀን ይቀዳል። እመቤቲቱ «እፎይ!» አለች። በርሜሉን ግን ሌላም አይታዋለች።

ጥቁር ናት፤ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት አላት። ትንኟን ኤደስ ኢጂፕታይ ይሏታል። ኩሬ ፍለጋ አትንከራተትም፤ ሰው ቤቱ ያጠራቀመው ውሃ ይበቃታል። እንቁላሏን ከውሃው ከፍ አድርጋ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ውሃው ቢያልቅስ? እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይጠብቃል። በርሜሉ እንደገና ሲሞላ ይፈለፈላል፤ በሳምንት በ10 ቀን ክንፍ አውጥቶ ይበራል። እንዲህ ያለ እንቁላል ጎማ ላይ ተለጥፎ ባሕር ይሻገራል። የትንኟ ዘመድ የሆነችው ኤደስ አልቦፒክተስ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ መራባቷ ሲታወቅ፣ የመጣችው ከእስያ በገባ አሮጌ ጎማ ነበር። ኤደስ ኢጂፕታይ በክንፏማ ከጥቂት መቶ ሜትር እምብዛም አታልፍም። እሷን ሩቅ የሚያደርሳት ዕቃ፣ የምታዛምተውን ቫይረስ የሚያደርስላት ደግሞ ሰው ነው።

2006 ዓ.ም. በባተ ሰሞን ድሬ ታመመች። ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታት፣ መገጣጠሚያ የሚያላቅቅ ቁርጥማት። ቆላ ላይ ትኩሳት ሲነሣ ሰው ቀድሞ የሚጠራው ወባን ነው። የላቦራቶሪው መልስ ግን የደንጊ ትኩሳት ሆነ። በአገራችን በምርመራ የተረጋገጠ የመጀመሪያው የደንጊ ወረርሽኝ ይኸው ነው፤ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ያዘ። አጎበር ብዙም አላዳነም፤ ይህች ትንኝ የምትነክሰው በቀን፣ ይበልጡን ጠዋትና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

እንግዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግቢው ገባች እንበል። ድሬ «አንቱ» አታውቅምና፣ «ስሚ፣ በርሜሉን ድፊው!» አለቻት።

«ልድፋው? ስንት ቀን ጠብቄው የመጣ ውሃ!»

ሁለቱም እውነት አላቸው። ማስታረቂያው ይህ ነው፤ በርሜሉን በክዳን ወይም በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ መሸፈን፣ ውሃው ሲጎድል በየሳምንቱ ግድግዳውን በብሩሽ መፈግፈግ፣ ሜዳ ላይ የተጣለውን ጎማ ዝናብ ሳያገኘው ማንሣት። የሚረጨው ጭስ የምትበረዋን ይገድላል፤ የተለጠፈውን እንቁላል አይነካም።

በርሜሉ ግን ገበያው ደርቶለት ቀጠለ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻና በ2012 መባቻ ያችው ትንኝ ቺኩንጉንያን አመጣች፤ ድሬ ላይ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ እሷም በውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባ መጤ የወባ ትንኝ እዚያው ድሬ ላይ የወባ ወረርሽኝ አስነሣች። አንድ መያዣ፣ ሦስት በሽታ!

ወደ ነጋዴያችን እንመለስ። ሸጦ፣ ተነክሶ፣ መርካቶ ገባ። ከንክሻው በኋላ ደንጊ ከ4 እስከ 10 ቀን ያደባልና ሱቁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤቶቹ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ!» አሉ። ብልሁ ሐኪም ግን አስቀድሞ «ከየት ነው የመጣኸው?» ብሎ ጠየቀ። ለደንጊ የተለየ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ፈሳሽ በብዛት፣ ፓራሲታሞል በልኩ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ግን ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ደግሞ ትኩሳቱ በረደ ብሎ መዘናጋት የለም፤ የከፋው ሊመጣ የሚችለው ያኔ ነው። ሆድ ሲቆርጥ፣ ትውከት አልቆም ሲል፣ ድድ ሲደማ ፈጥኖ ሆስፒታል መሄድ ነው። ቫይረሱ አራት ዓይነት ነው፤ በአንዱ ታሞ የዳነ ሰው በሌላው ሲያዝ የመክበዱ ዕድል ይጨምራል።

«መርካቶ ራሷስ?» ትሉኝ ይሆናል። ብርዷ ውለታ ውሎላታል። ቫይረሱ ትንኟ ውስጥ ለመብሰል በሞቃት አገር ከ8 እስከ 12 ቀን ይፈጅበታል፤ በብርድ ግን ጊዜው ይረዝምና ቀድማ እሷ ትሞታለች። ሆኖም መርካቶ የምትኖረው በመንገድ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት አፋርን አቋርጦ ያልፋል፤ እዚያው መንገድ ላይ ሎግያና ሚሌ በ2015 ዓ.ም. በደንጊ ተመቱ።

አሁን ያንን የድሬ ክርክር አስቡት። ሴትየዋ በርሜል የገዛችው ወዳ አይደለም፤ ቧንቧዋ ስለደረቀ ነው። ውሃ በየቀኑ የሚያገኝ ቤት በርሜል አይገዛም፤ ትንኟም እንቁላል የምትጥልበት ይጠብባታል። ስለዚህ በቆላ ከተሞች የውሃ ፈረቃ የሚያሳጥር መሐንዲስ ነጭ ጋውን ባይለብስም የሐኪም ሥራ እየሠራ ነው። የውሃ በጀት ሲነገር የሰማችሁ እንደ ሆነ፣ የጤና በጀት ነው ብላችሁ ጠይቁበት።